የታመመ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም

በቅርቡ ለቤተሰብ ጉዳይ አርባ ምንጭ ሄጄ ሴቻ በሚኖር የትምህርት ቤት ወዳጄ ቤት አርፌ ነበር፡፡ የቤቱ መነጋገሪያ ጫሞና አባያ ሳይሆኑ የልጆቹ ውሻ ሆኖ ሰነበተ፡፡ ምግብ ትቷል፤ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ ብሏል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፡፡ ጎረቤት ተሰበሰበ፡፡ አንዱ «መርዝ በልቶ ነው፣ ወተት አጠጡት» አለ፡፡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው አፉን ሊፈለቅቁ ተነሱ፡፡ ወዳጄ «ጋሼ፣ ይተዉት! መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብሎ ያዛቸው፡፡

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፡፡ እንስሳ ግን በተፈጥሮው በሽታውን የሚደብቅ ፍጡር ነው፡፡ በዱር ሕይወት ደካማ መስሎ መታየት ለአዳኝ መጋለጥ ስለሆነ፣ ሕመሙ ገሃድ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ያልፋል፡፡ ስለዚህ ባለቤቱ ማየት ያለበት የልማድ ለውጥን ነው፡፡ ምግብ መተው፣ መደበቅ፣ ያለወትሮው መቆጣት ወይም መፍዘዝ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስና ተቅማጥ ምልክቶች ናቸው፡፡ በተለይ ክትባት ያላገኘ ቡችላ የሚያስመልሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ፓርቮ የተባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም፡፡ ከቤት መድኃኒት ሣጥን አንስቶ ማዋጥም አይገባም፡፡ ለእኛ ራስ ምታት የምንወስደው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፡፡

ከሁሉም የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፡፡ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንዱን መልኩን፣ ማለትም እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ውሻ ነው፡፡ ሁለተኛው መልኩ ዝምተኛ ነው፡፡ ውሻው ይፈዛል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ስለሚያቅተው ለሃጩ ይፈስሳል፡፡ ለሚያየው ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፡፡ ቫይረሱ የሚተላለፈው ደግሞ በዚያው ለሃጭ ነው፡፡ እጁ ላይ ትንሽ ጭረት ላለበት ሰው ንክሻ እንኳ አያስፈልገውም፡፡ ድመትም እንዲሁ ታስተላልፋለች፡፡

እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ልጆችን ማራቅ፣ ሳይነኩ በር ዘግቶ ወይም አጥር ውስጥ አድርጎ መለየትና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል፡፡ የተነከሰ ወይም የተላሰ ቁስል ያለው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፡፡ ሐኪሙ ሳይወስን «ውሻው እስኪታይ» ተብሎ ሕክምና አይዘገይም፡፡ የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል፡፡ ሰፈር ተጠራርቶ ጭንቅላቱን በድንጋይ መፈጥፈጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና፡፡ ጠበሉም ጸሎቱም የየእምነቱ ነው፤ ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን፡፡ የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው፡፡ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፡፡

የሚያሳዝነው መከላከያው የቆየ መሆኑ ነው፡፡ ሉዊ ፓስተር አንድ የተነከሰ ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር፡፡ አዲስ አበቤ ዛሬም ጉለሌ የሚገኘውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል፡፡ በዓለም ላይ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሰው ሕመም ከውሻ የሚመጣ ስለሆነ፣ ውሻን መከተብ ሰውን መከተብ ነው፡፡ ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገምለታል፡፡ ነጭ ሳርን ለተጎራበተችው አርባ ምንጭ ነገሩ ከሰውም ያልፋል፡፡ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ የቀይ ቀበሮን መንጋ የጨረሰው ከውሾች የተሻገረ ይኸው በሽታ ነው፡፡

ሕግ ላጠና ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፡፡ እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱም ሊገመት የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም፡፡ «ውሻዬ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም» ማለት መከላከያ አይሆንም ማለት ነው፡፡ ውሻን ቀን ለቅቆ ማታ «ጠባቂዬ» ማለት የለመድን ሰዎች ልብ ልንለው ይገባል፡፡

የወዳጄ ውሻ ሕመም የጥርስ መግል ሆኖ ተገኘ፤ ታክሞም ድኗል፡፡ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፡፡ «ውሻው ተከትቧል?» ሲል አባት እናትን አየ፤ እናት ልጆቹን አየች፤ መልስ ያለው አልነበረም፡፡ አንባቢ ሆይ፣ ግቢዎ ውስጥ ውሻ ካለ ዛሬ ማታ ይህንኑ ጥያቄ ለቤተሰብዎ ያቅርቡ፡፡ መልሱ ዝምታ ከሆነ ነገ ጠዋት የሚሄዱበት ቦታ ታውቋል፡፡