የካርታ ሶፍትዌር ተሰኪዎች ለምን ይሰናከላሉ?

ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእጃጂ ከተማ ዙሪያ የመሬት አጠቃቀም ካርታ የሚሠራ አንድ ተመራቂ ተማሪ አለ እንበል። በላፕቶፑ ላይ ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ጭኗል፤ ከጓደኞቹ በፍላሽ ዲስክ ያገኛቸውን 16 ተሰኪዎችም (ብዙዎቻችን ፕለጊን የምንላቸውን) ጨምሮበታል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ሲቃረብ ሶፍትዌሩን ቢከፍት የስሕተት መልእክት ይወጣል፤ የሚፈልጋቸው አዝራሮችም የሉም። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ነው። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። ከውጭ የመጡ ተሰኪዎች የሚቀመጡት በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ ስለ ሆነ፣ አዲሱ ጭነት ያንኑ በሽተኛ ተሰኪ መልሶ ያነሣዋል።

ተሰኪ ማለት ዋናው ሶፍትዌር ሳይነካ አዲስ ችሎታ የሚጨምርለት ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኪውጂአይኤስ ተሰኪዎች በአብዛኛው በፓይተን ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ የዋናውን ሶፍትዌር ክፍሎች በስም እየጠሩ ያሠራሉ። የሚጠሩት ስም ከተለወጠ ወይም ከጠፋ መሥራት ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሶፍትዌሩ ሦስተኛ ዋና እትም ሲወጣ የሆነው ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3፣ ከኪዩት 4 ወደ ኪዩት 5 ስለ ተሻገረ፣ ቀድሞ የተጻፉ ተሰኪዎች ካልታደሱ በስተቀር ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ፍላሽ ዲስኮች ላይ ግን ዛሬም አይጠፉም።

የስሕተት መልእክቱ ረጅምና አስፈሪ ቢመስልም የሚነበበው ከታች ነው። የመጨረሻው መስመር የስሕተቱን ዓይነት ይናገራል፤ ከእርሱ በላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ የትኛው ተሰኪ፣ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር ላይ እንደ ተሰናከለ ያሳያሉ። «ፓይኪዩት 4 አልተገኘም» የሚል ከሆነ ተሰኪው የቀድሞው ዘመን ነው። የሌላ ቤተ መጻሕፍት ስም ጠርቶ አልተገኘም ካለ፣ የጎደለው ያ ቤተ መጻሕፍት ነው። መልእክት ሳይኖር ተሰኪው ከነጭራሹ ካልታየ፣ የታመቀው ፋይል ሲፈታ ማኅደር በማኅደር ውስጥ ተደርቦ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል።

አንዱ ምክንያት በተለይ እኛን ይመለከታል። የዊንዶውስ መጠቀሚያ ስሙን በግእዝ ፊደል የጻፈ ሰው፣ የግል ማኅደሩ አድራሻም በዚያው ፊደል ይጻፋል። ፓይተን 2 ካልተነገረው በስተቀር ጽሑፍን ሁሉ 128 ምልክቶች ብቻ ባሉት በአስኪ ሠንጠረዥ ለመተርጎም ስለሚሞክር፣ «አበበ» የሚለው ስም ብቻ ተሰኪውን ሊጥለው ይችል ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ የተሰኪ ጸሐፊዎች ሁሉ አላስተዋሉትም። ፓይተን 3 ችግሩን በእጅጉ አቃልሎታል።

መልእክቱ ጥፋተኛውን ካልጠቆመስ? በመጀመሪያ አዲስ የተጠቃሚ መገለጫ ከፍተን ሶፍትዌሩን በዚያ እናስነሣለን። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ያለው በተሰኪዎቹ ወይም በቀድሞው ቅንብር ነው። ከዚያ ወደ ቀድሞው መገለጫ ተመልሰን ከ16ቱ ተሰኪዎች 8ቱን እናጠፋለን። ችግሩ ካለ ጥፋተኛው ከቀሩት 8 አንዱ ነው፤ ከሌለ ካጠፋናቸው ነው። እንዲህ እያጋመስን ብንሄድ በአራት ሙከራ አንዱ ላይ እንደርሳለን፤ አንድ በአንድ ብንሞክር ግን እስከ 15 ጊዜ ሊወስድብን ይችላል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ጥፋተኛው አንድ ሲሆን ነው። ሁለት ተሰኪዎች ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ ግን እትማቸው የተለያየ ክፍሎችን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ፓይተን በአንድ ስም የጫነውን በማስታወሻው ስለሚይዝ፣ ዘግይቶ የመጣው ተሰኪ የሌላውን ክፍል ይሰጠዋል። ለየብቻቸው ጤነኞች ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ ግን አንዱ ይወድቃል። በየሙከራው ሶፍትዌሩን ዘግቶ መክፈት የሚያስፈልገውም ይህን ማስታወሻ ለማጽዳት ነው።

ከሁሉ የምንፈራው ግን መልእክት የማይሰጠውን ስሕተት ነው። ለብዙ ዓመታት ስንገለገልባቸው የኖሩት ባለ 1:50,000 የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሠሩ፣ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ይጠቀማል። በአገራችን ሁለቱ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። መነሻውን ሳይጠይቅ ቁጥሮቹን ብቻ የሚያነብ ተሰኪ ሁለቱን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይደርባቸዋል፤ የአንዱ ገበሬ ማሳም በጎረቤቱ ማሳ ላይ ያርፋል። ተማሪያችን ይህን ለማወቅ በእጃጂ የሚያልፈውን ዋና መንገድ በጂፒኤስ ይዞ ከካርታው ጋር ያስተያይ፤ አንዱ መንገድ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ከታየው፣ የተሰኪውን ውጤት ጥሎ ሁለቱንም ወደ አንድ መነሻ ከለወጠ በኋላ ስሌቱን እንደ ገና ይጀምር።