ከራውተሩ ሆድ ሥር ያለው ቁጥር

ደብረ ታቦር ውስጥ ካፌ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠን የዋይፋይ ራውተር ገልብጣችሁ ብታዩ፣ ከሥሩ ባለ 8 አሃዝ ፒን ተለጥፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፒኑ ደብሊው ፒ ኤስ የተባለ ዘዴ አካል ነው፤ ረጅሙን የይለፍ ቃል ሳይጽፉ ስልክን ወይም ፕሪንተርን ለማገናኘት የታሰበ።

8 አሃዝ ሲባል 100 ሚሊዮን አማራጭ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ 7 ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ይባስ ብሎ ራውተሩ የመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች ልክ መሆን አለመሆናቸውን ለብቻ ይናገራል፤ ሌባ ቁልፍ ሲሞክር ቤቱ ራሱ «ግማሹን አግኝተሃል» እንደሚለው ማለት ነው። ስለዚህ ለፊተኛው ግማሽ 10,000፣ ለቀሪዎቹ 3 አሃዞች 1,000፣ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ለኮምፒውተር የሰዓታት ሥራ ነው። ጉድለቱን ስቴፋን ፊቦክ የተባለ ተመራማሪ በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይፋ አደረገ።

ሞካሪው ቤት መግባት አያስፈልገውም፤ ሞገዱ የሚደርስበት ጎረቤት ሻይ ቤት ይበቃዋል። በደብረ ታቦር ብርድ ሻይ ቤት ተቀምጦ መዋል ደግሞ ማንንም አያስጠረጥርም! የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይረዳም፤ ፒኑን የያዘ ሰው አዲሱንም ከራውተሩ ይቀበላል። የሚሻለው ዘዴውን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ራውተሮች ግን «ጠፍቷል» እያሉም እንደበራ ይተዉት ነበር።