ሽርጡ ከደጅ ሲወጣ

ከሥራ ገብተው ሱሪዎን አውልቀዋል፤ ሽርጥዎንም አሸርጠው አረፍ ብለዋል። ሻይ ሊፈላ ሲል ስኳር ማለቁ ይነገርዎታል። ሱቁ ያለው ከበርዎ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው። እርስዎ ግን ተመልሰው ሱሪ ይታጠቃሉ። ልጅዎ ቆሞ ያይዎታል። «አባዬ፣ ለምን ቀየርክ?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል?

ሽርጥ የሚያሳፍር ልብስ አይደለም። በአፋርና በሶማሌ ክልል ወንዱ ገበያ የሚወጣበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት ልብስ ነው። በድሬዳዋና በሐረርም ሽርጥ ለብሶ ደጅ ላይ የተቀመጠ አባት ማየት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ለብዙዎቻችን የጓዳ ልብስ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። ስኮትላንዳውያን ወንዶች ኪልት የሚባል፣ ከጉልበት ላይ የሚቀር ሽንሽን ጉርድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1746 ከአመፅ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የደጋማውን አገር ወንዶች ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነበር። ዛሬ ኪልት የኩራት ልብስ ነው። ቢሆንም አብዛኛው ሰው የሚለብሰው ለሠርግና ለበዓል ነው። በተራ ሰኞ ለብሶ መውጣት እዚያም ቆራጥነት ይጠይቃል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እሑድ ጠዋት ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ቢሉ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ወንድ ሞልቷል፤ ማንም ማንንም ዞሮ አያይም። ከዚያ ወደ ካዛንቺስ ሲያቀኑ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ያገኛሉ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ግቢ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስብሰባ ባለ ቁጥር ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ እንግዶች ሰፋፊ ቡቡአቸውን ለብሰው ይታያሉ። እኛም «እንዴት ያምራል!» እንላለን። እንግዲያው የሚያሳፍረን ልብሱ ሳይሆን ለብቻ መልበሱ ነው።

ስለዚህ በትንሹ ይጀምሩ። ለውጭ የሚሆን፣ ያልሳሳና ያልደበዘዘ ሽርጥ ይለዩ። እስከ ቁርጭምጭሚት ይውረድ፤ ወገብ ላይ አጥብቀው ይጠቅልሉት፤ ካላስተማመነዎ ቀበቶ ያክሉበት፣ ከውስጥም ቁምጣ ይልበሱ። ይፈታብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ተዝናንቶ አይራመድም። ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከታች ንጹሕ ጫማ ያድርጉ። ያን ጊዜ ያየዎት ሰው «ረስቶ ወጣ» ሳይሆን «አስቦ ለበሰ» ይላል።

መጀመሪያ እስከ ሱቁ ይሂዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ካፌ ይቀመጡ። «ምነው፣ ቀሚስ ለበስክ?» የሚል አይጠፋም። አይቆጡ፣ ረጅም ማብራሪያም አይስጡ። «ሽርጥ ነው፤ ይመቻል» ብለው ፈገግ ይበሉ። ቀልዱ ምላሽ ካጣ ሁለተኛ ቀን አይደገምም። መሥሪያ ቤትዎ የአለባበስ ደንብ ካለው ግን ደንቡን ያክብሩ፤ ሽርጡ ለቅዳሜና እሑድ ይበቃል።

ባለቤትዎ ብታፍርስ? ይህ ከመንገደኛው ሳቅ ይበልጣል። ቀድመው ያማክሯት፤ ጨርቁን አብረው ይምረጡ። አብራዎት የምትሄደው እሷ ናትና የእሷም ምቾት ይታሰብበት።

ልጅዎ በትምህርት ቤት የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የባህል ልብስ ለብሶ፣ እርስዎ አጨብጭበውለት ያውቃሉ። በማግስቱ ያው ልብስ ቁም ሣጥን ይገባል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ባህል ለፎቶ ብቻ እንደሆነ ነው። እርስዎ በሽርጥ ወጥተው ስኳር ገዝተው ሲመለሱ ግን ሌላ ነገር ያያል፤ አባቱ ደጅም ቤትም አንድ ሰው መሆኑን።

እስቲ ዛሬ ማታ ስኳር ሲያልቅ ሱሪውን ይተዉት።