ፕላስቲኩ ሐኪም አይደለም፦ ለጥርስ ማስተካከያ ከመክፈላችሁ በፊት

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ ጥርስ እናወራለን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሺህ ዶላሮች የሚወጡበት፣ ሲበላሽ ደግሞ በቀላሉ የማይመለስ ጉዳይ ነው። ያለ ሽቦ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ጥርሳችሁን አስተካክሉ የሚለው ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያልመጣበት ሰው ያለ አይመስለንም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከገባችሁ፣ ገንዘባችሁን ለማን እንደምትሰጡ ራሳችሁ ትለያላችሁ።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ክሊር አላይነር ማለት ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ የሚወልቅ፣ ስስ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው። ምስጢሩ ቅርጹ ላይ ነው። የሚሠራው ጥርሳችሁ ዛሬ ባለበት ልክ ሳይሆን ቀጥሎ እንዲደርስ በሚፈለገው ቦታ ልክ ነው። ስለዚህ ስታጠልቁት ይጠብቃል፤ ጥርሱን የሚገፋው ያ መጥበቁ ነው። አንዱ አላይነር ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው ሩብ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል፤ እንደ ችግሩ ክብደት ከአሥር እስከ ብዙ አሥሮች በተራ ይደረጋሉ።

ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምሰሶ በሲሚንቶ የተተከለ ይመስለናል። አይደለም። በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል ስስ ጅማት አለ። ጥርሱ ሲገፋ በተጫነው ወገን ያለው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል፣ በተሳበው ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ሽቦውም ፕላስቲኩም የሚጠቀሙት ይኼንኑ ነው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ድዱ የታመመ፣ አጥንቱ የሳሳ ሰው ጥርሱ ሳይታከም ከተገፋ፣ አጥንቱ ይብስ ሊያልቅና ጥርሱ ሊነቃነቅ ይችላል። ይኼ በመስታወት አይታይም፣ በስልክ ፎቶም አይታይም። ራጅና ድዱን በእጁ የሚመረምር ሐኪም ይፈልጋል።

ገበያው እንዴት እዚህ ደረሰ?

አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ በ1997 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። የጀመሩት ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ የስታንፎርድ የቢዝነስ ተማሪዎች እንጂ የጥርስ ሐኪሞች አልነበሩም። ምርታቸው ኢንቪዛላይን በ1998 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ፤ ሕዝቡ ጋ የሚደርሰው ግን በሐኪም እጅ ነው።

በ2014 ስማይል ዳይሬክት ክለብ መጣና ሐኪም ቤቱን ዘለለው። የጥርሳችሁን ቅርጽ ራሳችሁ ቤት ውስጥ ታነሳላችሁ ወይም ሱቃቸው ሄዳችሁ ትነሳላችሁ፣ የሚፈቅደው ሐኪም ከሩቅ ነው፣ ፕላስቲኩ በፖስታ ይመጣል። ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ስለነበር ብዙ ሰው ሄደ። በመስከረም 2019 አክሲዮኑን በ23 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በመስከረም 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በታኅሣሥ 2023 ጭራሽ ተዘጋ።

ደንበኞቹ ምን ሆኑ? ያልተላከ ትዕዛዝ ተሰረዘ። የዕድሜ ልክ ዋስትና የተባለው ቀረ። በየወሩ የሚከፍሉት ግን ክፍያቸውን እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። ጥርሱ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ዕዳው አልቀረም። በጥቅምት 2024 ደግሞ ባይት የተባለው ተመሳሳይ ምርት ሽያጩን አቆመ። እንግዲህ ኩባንያ ሲዘጋ ጥርሳችሁን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ማን ጋ ትሄዳላችሁ?

ሐኪሙ ምን ይጨምራል?

ፕላስቲክ ብቻውን ሁሉን አይችልም። ክብ የሆነውን ክራንቻ ማዞር፣ ጥርስን ወደ ውጭ መሳብ፣ ሥሩን ማቅናት ይከብደዋል። ለዚህ ሐኪሙ ጥርሱ ላይ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች ይለጥፋል፤ ፕላስቲኩ እነሱን ይዞ ይገፋል። ቦታ ሲጠፋ በጥርሶች መካከል በጣም ጥቂቱን ይሞርዳል። ጥርሱ በዕቅዱ መሠረት ካልሄደ መልሶ ይለካል፣ ዕቅዱን ያስተካክላል። አንዳንዴም ለእርስዎ ሽቦ ይሻላል ይላል። ያንን የሚል ሐኪም ካገኛችሁ አትናደዱበት።

የእኛ ሰው ጉዳይ

አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ለምግብና ለመጠጥ የሚቀረው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። ትኩስ ነገር ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡናና ሻይ ያጠቁረዋል፤ ስኳሩ ከሥር ከታሸገ ጥርስ ይበላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቁጭ ማለት ያለ አላይነር ነው እንግዲህ። እንደ እኛ ታክሲ ላይ ውሎ ቀኑን ሙሉ ቡና ለሚጎነጭ ሰው ይኼ ትልቅ ፈተና ነው። ማጥለቅ የማትችሉ ከሆነ አትክፈሉ፤ የማይወልቀው ሽቦ ይሻላችኋል።

በስምጥ ሸለቆ ውሃ አድጎ ጥርሱ የበለዘ ወገንም አለ። አላይነር ቀለም አይቀይርም። ፍሎራይድ የበዛበት ጥርስ ላይ ጉብታዎቹ በደንብ ላይጣበቁ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ፍንጭትስ? እኛ ጋ ውበት ነው፤ እዚህ ያለው ሐኪም ግን እንደ ጉድለት ቆጥሮ በኮምፒውተር ዕቅዱ ላይ ሊዘጋው ይችላል። ዕቅዱን ሳትፈርሙ እዩት። ፍንጭታችሁን ከፈለጋችሁ ይቆይልኝ በሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

- ራጅ ታነሱኛላችሁ? ድዴን ማን ያያል?
- የሚከታተለኝ ሐኪም ስሙ ማነው? በየስንት ጊዜው ያየኛል?
- ዕቅዱ ካልሠራ ተጨማሪ አላይነር በዋጋው ውስጥ አለ?
- ክፍያው ለሐኪም ቤቱ ነው ወይስ ለአበዳሪ? ሕክምናው ቢቋረጥ ዕዳው ምን ይሆናል?
- ሪቴይነሩ ተካቷል?

የመጨረሻውን አትናቁት። ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይወዳል። ሲያልቅ ማታ ማታ ሪቴይነር ካላደረጋችሁ ያወጣችሁት ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ኢንሹራንሳችሁን እዩ፤ ብዙዎቹ ለዚህ ሕክምና የዕድሜ ልክ ጣሪያ አላቸው፣ አንዳንዶቹም የሚሸፍኑት ልጆችን ብቻ ነው።

ርካሽ መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም በላባችን ነው የምንከፍለው። ግን ቅናሽ ስትፈልጉ ከሐኪሙ ላይ አትቀንሱ። ዋጋ ከሁለት ሦስት ሐኪም ቤት ጠይቁ፣ ወይም የጥርስ ሕክምና ዩኒቨርሲቲዎች ክሊኒክ ሂዱ፤ እዚያ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው ክትትል በቅናሽ ያክማሉ። ሰላም ሁኑልን።