ልጆቻችንን ወደ ሙዚየም ስንወስድ

በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሙስሊም ወላጅ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ፣ ልጁ ስለ ሃይማኖቱ የሚሰማው አብዛኛው ነገር ከዜና የሚመጣ መሆኑ ነው። ልጁ ቅዳሜና እሑድ መድረሳ ሄዶ ፊደል ይቆጥራል። ያ ፊደል በዓለም ላይ ምን እንደ ተሠራበት የሚያይበት አጋጣሚ ግን እምብዛም የለም። «ሙስሊሞች ለዓለም ምን አበረከቱ?» ብሎ ሲጠይቀን ብዙዎቻችን «ብዙ ነገር» ብለን እናልፋለን፤ የምናሳየው ነገር በእጃችን የለምና።

ውድ አንባቢያን! ለዚህ ጥያቄ በዓይን የሚታይ መልስ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ሙዚየም ነው። በዚህ ጽሑፋችን በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውን ብሔራዊ የእስያ ሥነ ጥበብ ሙዚየምና ለቤተሰብ የሚያዘጋጃቸውን ዝግጅቶች እንመለከታለን።

ሙዚየሙ ምን ይዟል?

ሙዚየሙ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው፣ የባቡር ፉርጎ በመሥራት በበለጸገው በቻርልስ ላንግ ፍሪር ስጦታ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተው ፍሪር ጋለሪ ነው። ሁለተኛው በ1987 የተከፈተው ሳክለር ጋለሪ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ነው። የስሚዝሶኒያን ተቋም አካል በመሆናቸው መግቢያ አይከፈልባቸውም። ስሙ የእስያ ይባል እንጂ፣ ከቻይናና ከጃፓን ሥራዎች ሌላ የኢራን፣ የሶሪያና የግብፅ ቅርሶችም አሉበት።

ከኦክቶበር 2016 እስከ ፌብሯሪ 2017 ሙዚየሙ ከ60 በላይ የቁርኣን የእጅ ጽሑፎችን ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። አብዛኞቹ የመጡት ከኢስታንቡል የቱርክና የእስልምና ጥበባት ሙዚየም ነበር። በአሜሪካ ምድር በቁርኣን ላይ ብቻ ያተኮረ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነው።

ልጆች ምን ይሠራሉ?

ሙዚየሙ ለብዙ ዓመታት «ኢማጂንኤዥያ» በሚል ስም ያካሄደው የቤተሰብ ዝግጅት አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ከወላጁ ጋር ወደ አዳራሾቹ ይገባል። በእጁ ጥያቄ የያዘ መምሪያ አለ፤ የተጠየቀውን ዕቃ ፈልጎ ያገኛል፣ ልብ ብሎ ያያል። ከዚያም ወደ ሥራ ክፍሉ ሄዶ ካየው በመነሣት አንድ ነገር በእጁ ይሠራል፤ የሠራውንም ወደ ቤቱ ይወስዳል። ኑውሩዝ የተባለው የኢራንና የአካባቢዋ አዲስ ዓመት ሲደርስም ቤተሰብ፣ ወጣትና ሽማግሌ የሚገኙበት በዓል በሙዚየሙ ሲዘጋጅ ቆይቷል።

በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ያሉ ሁለት ዕቃዎችን ለምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሶሪያ ወይም በሰሜን ኢራቅ የተሠራ፣ በብር የተለበጠ ትልቅ የናስ ኮዳ ነው። በላዩ ለባለቤቱ መልካም የሚመኝ የዐረብኛ ጽሑፍ አለ። መካከሉ ላይ ደግሞ መርየም ዒሳን (ዐ.ሰ.) ታቅፋ ተሥላለች። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ይሠሩና ይገዙ እንደ ነበር የሚመሰክር ዕቃ ነው። ወሎ ተወልዶ ያደገ አባት ይህን ለልጁ ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቻይና የተሠራ ነጭና ሰማያዊ የፖርሴሊን ኮዳ ነው። ቅርጹ የናሱን ኮዳ ይመስላል። የሶሪያ ኮዳ ቅርጽ ቻይና እንዴት ደረሰ? የነጋዴዎች፣ የመርከብና የግመል ጉዞ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ይጀመራል። ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው ኮባልትም በዚያ ዘመን ከኢራን ወደ ቻይና ይሄድ ነበር። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ሙስሊሞች የዓለም ታሪክ ተመልካች ብቻ እንዳልነበሩ ይረዳል።

ወላጅ አስተማሪ ሲሆን

በስደት ኑሮ ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ ነው። ሐኪም ቤት እሱ ይናገራል፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ እሱ ያነባል። ይህ ሲደጋገም የወላጅ ቃል ክብደት እየቀነሰ ይሄዳል። በልጅነቱ ሉሕ ይዞ ቁርኣን የቀራ አባት ግን የዐረብኛ ጽሑፍ ካለበት ሳህን ፊት ሲቆም ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ ጌጥ ብቻ ያየበትን አባትየው ያነብለታል። ነጥብ የሌለው የጥንቱ ኩፊ ጽሕፈት ለለመደም ቢከብድ እንኳ፣ «አላህ» የሚለውን ቃል አብሮ መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ ይከብደኛል ብላ ከቤት የምትቀር እናትም በዚህ ቦታ የምታስተምረው አላት።

አንዳንድ ወላጆች በሙዚየሙ የቡድሃና የሂንዱ አማልክት ሐውልቶች ስላሉ ያመነታሉ። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። በእኛ አስተያየት ግን፣ ልጁ ትምህርት ቤት እነዚህን ሃይማኖቶች ከሚከተሉ ልጆች ጋር ይማራልና፣ ስለ እነሱ ወላጁ አጠገቡ ሆኖ ቢያስረዳው ይሻላል። ለማወቅ ማየትና ማምለክ የተለያዩ መሆናቸውን አስቀድሞ መንገር ይገባል። ልቡ ያልረጋ ዑለማዎችን ይጠይቅ፤ የሚገባበትን አዳራሽ መምረጥም ይችላል።

ከመሄዳችሁ በፊት

የእጅ ጽሑፎች በብርሃን ስለሚጎዱ በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ምን እየታየ እንደሆነና የቤተሰብ ዝግጅት መቼ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለትናንሽ ልጆች አንድ ሰዓትና ሁለት አዳራሽ ይበቃል። የሶላት ሰዓትን ያገናዘበ ፕሮግራም አውጡ። ቤት ስትመለሱም ልጁ የወደደውን ይሣል፤ ለምን እንደ ወደደውም ይንገራችሁ።

ይህ ሁሉ የሌላ አገር ሀብት ብቻ አይደለም። ሐረር በእጅ በተጻፉ ቁርኣኖቿና በመጽሐፍ ድጉስ የታወቀች ከተማ ናት፤ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በዋሽንግተን የኢስታንቡልን ቁርኣን ያየ ልጅ፣ አገር ቤት ለዕረፍት ሲመጣ የሐረሩንም እንዲያይ እናድርገው። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን አዋቂና መልካም ትውልድ ያድርግልን!