ከጀሶ እስከ እርፍ፦ የተጎዳ እግር አቅሙን የሚመልሰው እንዴት ነው?

በኅዳር አዝመራ ሲሰበሰብ ከክምር ላይ ወድቆ የቅልጥም አጥንቱ የተሰበረ አርሶ አደር፣ ጀሶው ተፈትቶ በሁለት እግሩ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። የራጅ ፎቶው አጥንቱ መግጠሙን ያሳያል፤ ቤተሰቡም ተመስገን ይላል። የጭኑና የባቱ ጡንቻ ግን ከጤነኛው እግር ጋር ሲተያይ ቀጥኖ ይታያል። ሰኔ ደርሶ እርፍ ሲጨብጥ ገና ጥቂት ትልም ሳያወጣ እግሩ ይከዳዋል። አጥንቱ ድኗል፤ አቅሙ ግን አልተመለሰም። ያን ዓመት ወይ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ወይ እያነከሰ አርሶ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

በገጠርም ሆነ በከተማ የተለመደው ምክር «ዕረፍት አድርግ፤ ከባድ ነገር አታንሣ» የሚል ነው። አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ምክሩ ትክክል ነው። ሐኪሙ እግሩ ሸክም እንዲችል ከፈቀደ በኋላ ሲቀጥል ግን ራሱ ጉዳት ይሆናል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናልና። ሌላው ስሕተት ደግሞ እንቅስቃሴው ተጀምሮ ሳያድግ መቅረቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «እግርህን አሥር ጊዜ አንሣ» የተባለ ታካሚ በሦስተኛውም ወር ያንኑ አሥር ጊዜ ሲያነሣ ይገኛል። ይህ እግሩን ከማፍታታት አልፎ ለእርሻ የሚበቃ ጥንካሬ አይሰጠውም።

ስፖርተኞች ጡንቻቸውን የሚያጠነክሩበት መርሕና የተጎዳ ሰው የሚያገግምበት መርሕ በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የመነሻው ክብደት ነው። ይህን በሕክምናው ዓለም በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል እግራቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክም ነበር። የዚያን ጊዜው ልማድ ቀላል ክብደትን ብዙ ጊዜ ማንሣት ነበር። ዴሎርም በተቃራኒው ከበድ ያለ ክብደትን ጥቂት ጊዜ ማንሣትና ክብደቱን ደረጃ በደረጃ መጨመርን ሞከረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ በ1945 አሳተመ።

መንገዱ ለወጣት ብቻ የሚሆን የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ በ1990 ይፋ የሆነ የቦስተን ጥናትን ማየት ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆኑ አሥር አረጋውያን ለስምንት ሳምንታት በክብደት ሠለጠኑ። ሥልጠናውን የፈጸሙት ዘጠኙ የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወይፈን የሚገራ ሰው በመጀመሪያው ቀን እስከ ማታ አያርስበትም፤ ቀንበሩን ያለማምደዋል፣ ጥቂት ያሠራዋል፣ ያሳርፈዋል፣ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ትንሽ ይጨምርበታል። በወይፈኑ ላይ የሚያደርገውን በራሱ እግር ላይ ማድረግ ነው የሚጠበቅበት።

መሣሪያውም ከቤት አይጠፋም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን የተመጠነ ክብደት ነው። መጀመሪያ ባዶ እጅን ሆኖ ከመደብ ወይም ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው፤ አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ያህል እያረፉ። ይህ ሲቀልል ጀሪካኑን ሁለት ሊትር ሞልቶ ደረት ላይ ታቅፎ መቀጠል ይቻላል። ከታቀደው ቁጥር በላይ አንድ ሁለት ጊዜ መጨመር ሲቻል ደግሞ ግማሽ ሊትር ውኃ ይታከላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜዎች ካልከበዱ ክብደቱ አንሷል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያሳለፉ መሥራት ይበቃል፤ ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍቱ ሰዓት ነውና። በጾም ወቅትም ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከማዕድ መጉደል የለባቸውም።

ከወንበር መነሣት ግን እርሻ አይደለም። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን ተጭኖ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ በተገለበጠ አፈር ላይ ይራመዳል። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልምምዱ ሥራውን መምሰል ይኖርበታል፦ ድንጋይ ወይም ደረጃ ላይ በተጎዳው እግር መውጣት፣ ጀሪካን በአንድ እጅ ይዞ ዳገትና ቁልቁለት መሄድ፣ በታረሰ ማሳ ላይ መራመድ። በከተማ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛም ልምምዱን ወደ ሸክሙ እያስጠጋ ይሄዳል። ለዝግጁነት ቀላል መመዘኛ አለ። ግድግዳ በጣት ነክቶ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሣት ነው። ጤነኛው እግር ሃያ ጊዜ ከቻለ የተጎዳው ወደ አሥራ ስምንት መድረስ አለበት። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያው የእርሻ ቀን ከረፋድ ባያልፍ ይመረጣል።

ሕመምን በተመለከተ በልምምድ ጊዜ የሚሰማና በማግሥቱ ጠዋት የሚጠፋ ቀላል ሕመም አያስፈራም። በማግሥቱ እብጠት ከታየ ክብደቱ በዝቷልና ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ባት በድንገት አብጦ የሚግል፣ እግር የሚደነዝዝ፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር የሚመጣ ከሆነ ግን የደም መርጋት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ልምምዱ ቆሞ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየወረዳው አይገኝም። ጀሶው በሚፈታበት ቀን ታካሚው «ምን ያህል ክብደት፣ ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ሐኪሙን ጠይቆ መልሱን አስጽፎ ቢመለስ ለሰኔ የሚቀረውን ጊዜ በከንቱ አያሳልፍም።