መኪናዋን ከፍ አድርገው ፍሬኗን የረሱ

ሰሞኑን ከሽንዲ በኩል ለጥገና ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣች አንዲት ሒሉክስ ይህን ጽሑፍ በአንድ ቁጭታ አስጽፋለች። ስትታይ ታምራለች፦ አዲስ ቀለም፣ ጥቁር ቸርኬ፣ ከኮፈኑ ጎን የቆመ ስኖርክል፣ ጣሪያዋ ላይ የተደረደረ ፓውዛ። የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ቅጠል ተደርቦ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ደግሞ ብሎክ ገብቶ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላለች። የባለቤቱ አቤቱታ «በቆሎ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ አትቆምልኝም፤ አፍንጫዋን ደፍታ ትሄዳለች» የሚል ነው። ቀደም ብለው ያዩዋት መካኒኮች የፊት ፍሬን ሸራ እየቀየሩ ሸኝተዋታል። ሥሯ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በክሪክ አንስቶ ሲያያት ምክንያቱ ከኋላ አክስሉ በላይ ጭቃ ለብሶ ተቀምጧል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ያገለገለች ፎር ዊል ገዝቶ ማሳመር ከደምበጫ እስከ ቡሬ የብዙ ሰው ፍቅር ሆኗል። የበርበሬ ነጋዴው፣ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ወጣት፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ስለ ጎማ ቁጥር ይከራከራል። ለዚህም ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ላንድ ክሩዘር እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ትተላለፋለች። የረድኤት ድርጅቶች በጨረታ የሚያወጧት ሃርድ ቶፕም ተሻሚዋ ብዙ ነው።

መንገዱም ይጠይቃል። ከአስፋልቱ ለማይወርድ ሰው አይታየውም እንጂ፣ ወደ ፈረስ ቤት፣ ወደ ገበዘ ማርያም ወይም ወደ ግሽ ዓባይ በሐምሌ ለሚወጣ ዋልካው ጎማ ይውጣል፣ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል። እናም ማሻሻሉ በራሱ አይጠላም። የሚያበሳጨው ከቲክቶክ የተለቀመ ምክር በሰው ነፍስ ላይ ሲሞከር ማየት ነው። ዘይት በጊዜው ስለ መቀየር፣ ግሪስ ስለ ማስገባት፣ የአየር ፊልትሮ ስለ ማራገፍ እዚህ አይነገርም። ያንን የማያደርግ ሰው መጀመሪያውኑ መኪና ባይይዝ ይሻለዋል። ሌላውን ግን በተራ እንየው።

1. ቱርቦ

ሃርድ ቶፕና ፒክ አፕ ላንድ ክሩዘር ላይ በብዛት ያለው 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተር ነው። ስድስት ፒስተን፣ 4164 ሲሲ፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ ናፍጣ ሞተር ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ፣ 2000 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ካለው 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። «ቱርቦ ግጠምበት» የሚለው ምክር የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ሞተር ናፍጣውን መጀመሪያ የሚያቃጥለው ቴስታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ አየሩንም ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ሌላ ሞተር ሠራ፤ 1ኤችዲ-ቲ የተባለውን፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭና የጭመቃ መጠኑ ወደ 18.6 የወረደ። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ገጥሞ ፖምፓውን ከፍቶ የሰከላን ዳገት የሚወጣ ሰው ቴስታው ሲሰነጠቅ «ዕቃው ቻይና ሆኖ ነው» ይላል። ዕቃው ምንም አላደረገም፤ ሙቀቱ ነው።

በዚህ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ ቤልት» የምትል መብራት አለች። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የምትበራው የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜ አለቀ ለማለት ነው። አምፖሏን ነቅለው የጣሉ ሰዎች አሉ። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ለቱርቦ የተጠራቀመው ገንዘብ መጀመሪያ ቺንጋውን ይግዛበት።

2. ጎማ

ቀድሞ 205 በ16 ጎማ የነበራት የዱሮ ሒሉክስ ላይ 265/75 በ16 ሲገባ የጎማው ቁመት ከ734 ወደ 804 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ልዩነቱ ከ9 በመቶ በላይ ነው። የፍጥነት ሰዓቱ 80 ሲያሳይ መኪናዋ ወደ 88 እየሄደች ነው። ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬኑም ትልቁን ጎማ ለማቆም የበለጠ ይለፋል። ጭቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የጎማ አየር ቀንሶ ገብቶ፣ አስፋልት ከመድረስ በፊት መልሶ መሙላት ነው። ይህ ጥሩ ጎማና አንድ መንፊያ ይበቃዋል። ቸርኬው ወደ ውጭ እንዲወጣ በመካከል የሚገባው ስፔሰር ግን ክብደቱን ከኩሽኔታው ያርቀዋል፤ ኩሽኔታ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ አይመርጥም፣ ይሰበራል።

3. ከፍታ

ከ1997 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ብዙ ፎር ዊል ሒሉክሶች ላይ የፊቱን ክብደት የሚሸከመው ቶርሽን ባር የሚባል ዘንግ ነው። ቡሎኑን ባጠበቁት ቁጥር አፍንጫዋ ከፍ ይላል። በነጻ የሚገኝ ከፍታ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፣ የፊት አክስሉ መጋጠሚያ በጠማማ ይዞራል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ባሌስትራንም በምድጃ አግሎ መቀጥቀጥ ያው ነው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፣ በወር ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። የተሰበረ ባሌስትራ መበየድማ ከነአካቴው አይወራም።

አሁን ወደ ሽንዲዋ ሒሉክስ እንመለስ፤ ይህ ጽሑፍም ለዚህ ሲባል ነው የተጻፈው።

በሒሉክስና በብዙ ላንድ ክሩዘር ላይ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረች አንዲት ቫልቭ አለች። ከእሷ የሚወጣ ዘንግ አክስሉ ላይ ተያይዟል። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። ጭነት ሲኖር ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቯም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ትጨምራለች። ባዶ ስትሆን ሻንሲው ይርቃል፣ ቫልቯም የኋላውን ግፊት ትቀንሳለች። ለምን ትቀንሳለች? ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የባዶ ፒክ አፕ የኋላ ጎማ ክብደት ስለሌለው ቶሎ ይቆለፋል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናዋ ትዞራለች።

እንግዲህ በብሎክና በተደረበ ባሌስትራ ኋላዋን አራት ጣት ከፍ ያደረገ ሰው ለዚህች ቫልቭ ምን እየነገራት ነው? «ባዶ ነሽ» እያላት ነው። ሁልጊዜ። 10 ኩንታል በቆሎ ተጭኖባትም ጠንካራው ባሌስትራ ሻንሲውን ወደ ላይ ይዞት ስለሚቆይ ቫልቯ ባዶ መስሏት ትቀጥላለች። ኋላው አይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፊቱ ይግላል፣ ሸራው ይነድዳል፣ ባለቤቱም ደጋግሞ ሸራ ይቀይራል። መኪናዋ አፍንጫዋን የምትደፋውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ነገሩን በከፊል የሰሙ ዘንጉን ወደ ላይ ገፍተው በሽቦ ያስሩታል። አሁን ቫልቯ «ሁልጊዜ ጭነት አለ» ብላ ታምናለች። ሲጫን ይሠራል፤ ሰውየውም ይመርቃል። ጭነቱን ቡሬ አራግፎ ባዶውን በዝናብ ሲመለስ ግን የፈጣም ድልድይ ጋ አንድ በሬ መንገድ ቢያቋርጥበት ኋላው ተቆልፎ መኪናዋ ትዞራለች። ሌሎቹ ደግሞ ቫልቯን ነቅለው ቱቦውን በቀጥታ ያገናኛሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው መካኒክ ነኝ ባይል ጥሩ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መኪናዋ በብሎክ የተነሳችበት ልክ ተለክቶ፣ ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበት ብረት በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን የሚያወጣው ሥራ ነው። ትክክለኛው ማስተካከያ የሚደረገው የፊትና የኋላ ግፊት በመለኪያ እየታየ፣ ኋላው ላይ የታወቀ ክብደት ተጭኖ ነው። ባሌስትራው ከፋብሪካው ይልቅ በጣም ከጠነከረ ግን ቫልቯ ለጭነትም ለባዶም በትክክል አትሠራም፤ ያን ጊዜ የተደረበው ቅጠል ይውጣ። የኋላው የፍሬን ጎማ ቱቦም አብሮ ይታይ፦ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ አክስሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ አጭር ነው፣ ይቀየር።

የፍሬን ዘይት ነገርም ይታሰብበት። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ በረሃ እስኪደርስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ፣ ኋላው የማይዝ፣ ዘይቱ ከተገዛ ጀምሮ ያልተቀየረ መኪና ህዳሴ ድልድይ ጋ ሲደርስ ፔዳሉ ወለል ቢነካ ምን ይገርማል?

ወደ ዝርዝሩ ስንመለስ ስኖርክሉ አለ። በአየር ማጣሪያው ሳጥን ላይ በደንብ ካልታሸገ ጌጥ ነው። ላንድ ክሩዘር 70 በፋብሪካው የተፈቀደለት የውኃ ጥልቀት 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስኖርክል አለኝ ብሎ ክረምት ላይ ብር ወንዝ የሚገባ ሰው ይህን ይወቅ። ደግሞም የሚረሳው ነገር የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ነው። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ይወጣል። የመተንፈሻውን ቱቦ ወደ ኮፈኑ ከፍታ ማውጣት ከስኖርክሉ ይልቅ ርካሽና ጠቃሚ ነው።

ፓውዛ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ በቀጥታ ከባትሪ አይሳብም፤ ሽቦ ይነድዳል። በአስፋልት ላይ አብርቶ የሚመጣውን ሾፌር ማሳወር ደግሞ ምንም ስም አይገኝለትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተቆጣጣሪው የት አለ? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው። ቦሎ ለማግኘት መኪና በየዓመቱ ትመረመራለች። ቀለሟ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ትመለሳለች፤ ኋላዋ በብሎክ ተነስታ የጭነት ቫልቯ በሽቦ ታስራ ብትመጣ ግን ማን አየው? የፍሬን መለኪያ ማሽን ባለበት ቦታ እንኳ መኪናዋ ባዶዋን ወጥታ ታልፋለች፤ ይህ ብልሽት ደግሞ የሚታየው ስትጫን ነው። የአውስትራሊያ ወጣቶች ላንድ ክሩዘር ከፍ ሲያደርጉ በቪዲዮ እያየ የሚቀና ሰው ብዙ ነው። እዚያ ግን ከፍታው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የመሐንዲስ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ይህ ቪዲዮው ላይ አይታይም።

ሥልጠናውም አሳዛኝ ነው። አውቶ መካኒክ ተምሮ ሰርተፊኬት ይዞ የመጣ ልጅ ስለዚህች ቫልቭ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ልጁ አይወቀስም፤ ከካርቡሬተር ሞተር ውጪ በእጁ የነካው የለም። መኪና በጨረታ የሚሸጡት ድርጅቶችም የጥገና መዝገቡን ለገዢ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ «ኦሪጅናል» ተብሎ ይመጣል፤ ካርቶኑ ኦሪጅናል ነው። በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም አይገኝም፤ ያን ጊዜ ሽቦና ብየዳ ሕግ ይሆናሉ።

መኪናቸውን ከፍ ያደረጉ የዳሞትና የአካባቢው ወንድሞችና እህቶች ከሚቀጥለው ጭነት በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ከኋላ አክስሉ በላይ ያለችውን ዘንግ ይፈልጉ። በሽቦ ከታሰረች ያስፈቱ፤ ከተነቀለች ያስመልሱ፤ ካለች ደግሞ መኪናዋ በተነሳችበት ልክ መነሳቷን ያስለኩ። «ይህች ምንም አትሠራም» የሚላቸው መካኒክ ካጋጠማቸው መኪናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።